«ሕግ መወሰኛ»፣ «ኮሌጅ»፣ «ክስ»፦ የአሜሪካን መንግሥት ቃላት ለእናቴ በአማርኛ እንዴት ላስረዳት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ግሪን ካርድ ካገኘች 17 ዓመት አልፏታል፤ አሁን ለዜግነት አመልክታ ቀጠሮዋን እየጠበቀች ነው። ዕድሜው 55 የሞላና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ አመልካች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ስለሚሆን፣ የታሪኩንና የመንግሥት አወቃቀሩን ጥያቄዎች በአስተርጓሚ በኩል በአማርኛ ትመልሳለች። ማመልከቻዋ የገባው ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 በኋላ ስለሆነ የሚጠብቃት አዲሱ ፈተና ነው፤ ከ128 ጥያቄዎች መካከል እስከ 20 ይቀርብላታል፤ ለማለፍ 12 መመለስ አለባት።

በየምሽቱ ገበታው ተነሥቶ ሻይ ሲቀርብ እናጠናለን። መሸምደዱ አያስቸግራትም፤ ዳዊት በቃሏ የምትደግም ሴት ናት። የሚያስቸግራት ቃላቱ ከምታውቀው ነገር ጋር እየተጣበቁ መንገድ ማሳታቸው ነው። «ሕግ ተርጓሚው አካል» ብዬ ሳነብላት «ሐኪም ቤት እንደሚመደብልኝ ዓይነት አስተርጓሚ ነው?» አለችኝ። «ኤሌክቶራል ኮሌጅ» የሚለው ጋ ስንደርስ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት አስተማሪዎች ናቸው ብላ ይዛው ኖሯል። እኔም ላስተካክላት ስሞክር ነገሩን ራሴ በደንብ እንደማላውቀው ገባኝ። በዚህ ነገር ላይ የሠራችሁ ወይም የተማራችሁ ካላችሁ ብታግዙኝ ደስ ይለኛል። ግር እንዳይለን ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ብንጽፋቸው ይሻላል፤ የአገራችን ከሆነ ዓ.ም. እንበልበት።

ባለ ትርጁማን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡25

እኅቴ፣ ፍርድ ቤት በማስተርጎም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የጠቀሱት ችግር የዕለት እንጀራዬ ነው። ከሴኔቱ ልጀምር። «ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» የሚለው ስም ለአሜሪካ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ፣ ሌላው የሕግ መምሪያ ይባሉ ነበር፤ የመወሰኛውን አባላት ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ መካከል የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ስሙ በዚያው ቀጥሎ በሬዲዮ ለዋሽንግተኑ ሴኔት ተሰጠ። ስለዚህ የእናትዎ ዕድሜ ያለው ሰው ቃሉን ሲሰማ የተከበሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሕግ ሲወስኑ፣ የታችኞቹ ደግሞ ሐሳብ ብቻ ሲሰጡ ይታየዋል።

እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ረቂቅ ወደ ፕሬዚዳንቱ ለመድረስ በሁለቱም ምክር ቤቶች በአንድ ዓይነት ቃል መጽደቅ አለበት፤ አንዱ ሌላውን አያዝም። የተወካዮች ምክር ቤት በየሕዝቡ ብዛት የተደለደሉ 435 አባላት አሉት፤ ሁሉም በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። ሴኔቱ 100 አባላት አሉት፤ ትንሽም ሆነ ትልቅ ከእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሁለት ሆነው ለስድስት ዓመት ይመረጣሉ፤ በየሁለት ዓመቱ ከሦስት አንድ እጅ ያህሉ ወንበራቸው ለምርጫ ይከፈታል። የግብር ረቂቅ የሚመነጨው ከተወካዮቹ ነው፤ የፕሬዚዳንቱን ሹመቶች የሚያጸድቀው ግን ሴኔቱ ብቻ ነው። ሴናተሮችን ሕዝቡ ራሱ መምረጥ የጀመረው በ1913 ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት የየግዛቱ ምክር ቤት ይመርጣቸው እንደነበርም ቢነግሯቸው አይከፋም።

ለተወካይ «እንደራሴ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ቃሉን ሰንጥቀው ያሳዩአቸው፤ «እንደ ራሴ» ሆኖ የሚቆምልኝ ሰው ማለት ነው። እዚህ ላይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው የሚያንስ አይመስለኝም።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «ኢምፒችመንት» ነው። ብዙዎቻችን «ከሥልጣን ማውረድ» እያልን እንተረጉመዋለን፤ ይህ ክሱን ከፍርዱ ጋር መቀላቀል ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ይከሳል፤ ሴኔቱ ዳኝቶ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥፋተኛ ካለ ብቻ ነው ተከሳሹ ከወንበሩ የሚነሣው። አንድሩ ጆንሰን በ1868፣ ቢል ክሊንተን በ1998፣ ዶናልድ ትራምፕ በ2019 እና በ2021 ተከሰዋል፤ ሦስቱንም ሴኔቱ ጥፋተኛ አላላቸውም፤ ጆንሰን የተረፉት በአንድ ድምፅ ነው። ሪቻርድ ኒክሰን በ1974 ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥ ሥልጣናቸውን ስለለቀቁ፣ ሰው ሁሉ ተከሰው የወረዱ ቢመስለውም ከተከሳሾቹ ተርታ አይቆጠሩም። ስለዚህ «በምክር ቤት መከሰስ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

«ቪቶ»ም እንዲሁ ነው። «ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን» የሚለው ሐረግ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የሚስማማ ነው፤ እዚያ ቪቶ ያለው አገር ራሱ ድምፅ ሰጪ ነውና። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የለውም፤ የሚሽርበትም ድምፅ የለም። ረቂቁን አልፈርምም ብሎ ከነምክንያቱ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ደግመው ካጸደቁት ያለ እርሱ ፊርማ ሕግ ይሆናል። እሑድ ሳይቆጠር 10 ቀን ሙሉ ሳይፈርምም ሳይመልስም ዝም ካለ ደግሞ ዝምታው እንደ ፈቃድ ተቆጥሮ ሕግ ይሆናል፤ በመካከሉ ኮንግረሱ ተበትኖ ከሆነ ግን ያው ዝምታ ረቂቁን ይገድለዋል። ይህን «የኪስ ቪቶ» ይሉታል፤ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ዝም አለ እንደማለት ነው።

ቀጥ በል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? «ሴኔት» ብሎ መሸምደድ ይቻላል። የማያውቁትን ቃል ከመተርጎም እንዳለ መያዝ አይሻልም?

ባለ ትርጁማን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ለአንዳንዱ ቃል ልክ ነዎት፤ እኔም «ሴኔት» እና «ኮንግረስ» እንዳሉ ቢቀሩ እመርጣለሁ። ነገር ግን ጥያቄው ለእናታቸው የሚደርሰው በአስተርጓሚው አፍ ነው፤ አስተርጓሚው «ሕግ መወሰኛ» ያለ እንደሆነ «ሴኔት»ን ብቻ የያዙ እናት ግራ ይጋባሉ። ሁለቱንም ስም ያጥኑ።

ገና ተማሪ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

እዚህ ሕግ በመማር ላይ ነኝ፤ ከዚያ በፊት አገር ቤት ሕግ ተመርቄያለሁ። ስለ «ሕግ ተርጓሚ» አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም የእናትዎ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው። አንድ ፍርድ ቤት ሕጉ ምን ማለት እንደሆነ መተርጎሙ አንድ ነገር ነው፤ ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ «ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫልና ዋጋ የለውም» ማለቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ ይህን ሁለተኛውን ሥልጣን በግልጽ ቃል አልጻፈውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለራሱ ያጸናው በ1803 ማርበሪ በተከራከረበት መዝገብ ነው።

ታሪኩ አስቂኝ ጎን አለው። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በምርጫ ተሸንፈው ሊወጡ ሲሉ ብዙ ዳኞችን በጥድፊያ ሾሙ፤ የሹመት ደብዳቤዎቹ ተፈርመው፣ ማኅተም ታትሞባቸው፣ ጥቂቶቹ ሳይታደሉ ቀሩ። ማደል የነበረበት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ማርሻል ነበር። ተተኪው ቶማስ ጄፈርሰን ገብተው ደብዳቤዎቹ እንዳይሰጡ አደረጉ፤ ደብዳቤው የቀረበት ዊልያም ማርበሪም በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ አቤት አለ። ችሎቱን የመራው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ጆን ማርሻል፤ በዚያው ጥድፊያ ዋና ዳኛ ሆኖ ተሹሞ ነበር። ማርሻል «ማርበሪ መብት አለው፤ ነገር ግን በቀጥታ እኛ ዘንድ እንዲመጣ የፈቀደለት የሕግ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ውድቅ ነው» ብሎ ፈረደ። ለጄፈርሰን የቀኑን ጉዳይ ሰጥቶ ለፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ወሰደ። በእኔ አስተያየት በዳኝነት ታሪክ ከዚህ የበለጠ ብልጠት ያለበት ሽንፈት አይገኝም።

የእኛን አገር አሠራር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 83 መሠረት ሕገ መንግሥታዊ ክርክር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ያቀርብለታል። በ2012 ዓ.ም. የምርጫው መራዘም ጉዳይ የተቋጨው በዚሁ መንገድ ነው። በአሜሪካ ግን በ2000 የፍሎሪዳ የድምፅ ቆጠራ ክርክር ማብቂያው ዘጠኝ ዳኞች ዘንድ ነበር፤ አምስት ለአራት ተለያይተው ድጋሚ ቆጠራውን አስቆሙት። ስለዚህ እናትዎን «ሕግ ተርጓሚ ማለት ሕጉን አይቶ ይጸናል ወይም ይፈርሳል የሚል ዳኛ ነው» ቢሏቸው ይቀርባቸዋል።

አደራ፣ «ስቴት»ንም «ክልል» አይበሉት፤ «ግዛት» ይሻላል። «ክልል» ያልን እንደሆነ አንቀጽ 39 ከነመገንጠሉ ተከትሎ ይመጣል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1869 በቴክሳስ ጉዳይ፣ አንድ ግዛት በራሱ ውሳኔ ከኅብረቱ መውጣት አይችልም ብሏል።

ባለ ትርጁማን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ግዛት ካነሣን አይቀር፣ ፈተናውን ባይመለከትም ለሁሉም አመልካች የሚጠቅም ነገር ልናገር። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ማሪዋና ፈቅዳለች፤ በፌዴራሉ ሕግ ግን አሁንም ክልክል ነው፤ ዜግነት የሚሰጠውም ፌዴራሉ ነው። በመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ በሕጋዊ ደረሰኝ የተገዛ ነገር በዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ መልካም ጠባይን ሊያጠራጥር ይችላል። ሁለት መንግሥት በአንድ ሰው ላይ እኩል መኖራቸው፣ ፌዴራሊዝም የሚሉት ይኸው ነው።

ባለ ታክሲው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ እንደ ወንድሞቼ አልተማርኩም፤ መንገድ ላይ ያየሁትን ልናገር። በዋሽንግተን ዲሲ የምንኖር ሰዎች ከ1964 ምርጫ ጀምሮ ፕሬዚዳንት እንመርጣለን፤ ሴናተር ግን የለንም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያለችን አንድ ወንበርም በመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ አትቆጠርም። ከ2000 ጀምሮ የከተማው ታርጋ ላይ ያለ ውክልና ግብር ስለመክፈል የተጻፈውን አንብባችሁ ይሆናል። ቀልድ አይደለም። በ2023 የከተማው ምክር ቤት ያወጣውን የወንጀል ሕግ ማሻሻያ ኮንግረሱ ሽሮታል፤ ፕሬዚዳንት ባይደንም ፈርመውበታል።

ከሁሉ ይበልጥ የገባኝ ቃል ግን «ሻትዳውን» ነው። ብዙ ሰው «መንግሥት ተዘጋ» ሲባል መንግሥት የፈረሰ ይመስለዋል። ሕገ መንግሥቱ ኮንግረሱ በሕግ ካልፈቀደ ከግምጃ ቤት ሳንቲም አይውጣ ይላል፤ በጀቱ በጊዜው ካልጸደቀ መሥሪያ ቤቶቹ ሠራተኛ የሚያሠሩበት ገንዘብ አይኖራቸውም። ከዲሴምበር 22 ቀን 2018 እስከ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ለ35 ቀን የሆነውን እኔ በጎማዬ ለካሁት። 800,000 ያህል የፌዴራል ሠራተኞች፣ ገሚሱ ቤቱ ተቀምጦ፣ ገሚሱ ያለ ደመወዝ እየሠራ፣ ሰነበቱ። የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች ከጃንዋሪ 2 ጀምሮ ተዘጉ። ጠዋት ከባቡር ጣቢያ አንሥቼ መሥሪያ ቤት የማደርሳቸው ደንበኞቼ ጠፉ፤ ቱሪስቱም ጠፋ። ለሠራተኞቹ ያለፈው ደመወዛቸው በኋላ ተከፈላቸው፤ ለእኛ ያልተሳፈረ ተሳፋሪ ሒሳብ የሚከፍል ግን የለም። እናታችን «የኮንግረስ አንዱ ሥልጣን ምንድን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ «ቦርሳውን የያዘው እርሱ ነው» ይበሉ፤ ትክክል ነው።

ከወንዙ ማዶ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

እኔ የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። «ፕራይመሪ» የሚባለው ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት የቅድሚያ ምርጫ መሆኑን ብቻ አውቅ ነበር። ቨርጂኒያ ሳለሁ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም፤ በዕለቱ ሄጄ የፈለግሁትን ፓርቲ ወረቀት ተቀብዬ እመርጥ ነበር። ሜሪላንድ ከተዛወርኩ በኋላ የምዝገባ ቅጹ ላይ የፓርቲውን ቦታ «ለምን ራሴን አስራለሁ» ብዬ ባዶ ተውኩት። የምርጫው ቀን ሥራ አስፈቅጄ ተሰለፍኩ፤ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ብቻ ነበሩ። ሜሪላንድ ዝግ ፕራይመሪ ያላት ግዛት ናት፤ ለፓርቲ ያልተመዘገበ ሰው በፓርቲ ዕጩዎች ላይ ድምፅ የለውም። ብዙው ወንበር ለአንድ ፓርቲ ባጋደለበት አካባቢ ዋናው ምርጫ ያ የቅድሚያው ነውና እኔ የመረጥኩት ምግቡ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው። እናትዎ ዜግነቱን አግኝተው ሲመዘገቡ ይህን ልብ ይበሉላቸው።

የሒሳብ መምህሩ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ስለ «ኮሌጅ» ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልሞክር። ቃሉ ጥንት ለአንድ ሥራ የተሰበሰቡ ሰዎች ማኅበር ማለት ነው፤ «የመራጮች ጉባኤ» ቢሏቸው ትምህርት ቤቱ ከአእምሯቸው ይወጣል። የጉባኤው መራጮች ቁጥር በ435ቱ ተወካዮችና በ100ው ሴናተሮች ልክ፣ ለዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 3 ተጨምሮ፣ በጠቅላላው 538 ነው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር ግዛቱን በአንድ ድምፅም ያሸነፈ የግዛቱን መራጮች ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ አሸንፈው ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ አል ጎር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ እየበለጧቸው ነው። በ2016ም ሂላሪ ክሊንተን 2.9 ሚሊዮን ያህል ድምፅ በልጠው ተሸንፈዋል። የ2020ውን የሕዝብ ቆጠራ ብናካፍለው፣ በዋዮሚንግ አንድ የጉባኤው መራጭ የሚደርሰው ለ192,000 ያህል ሰው ሲሆን በካሊፎርኒያ ለ732,000 ያህል ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ግዛት በሕዝብ ካልተሰፈሩት ሁለት ሴናተሮቹ ሁለት መራጭ ይጨመርለታል።

«ጄሪማንደሪንግ» ፈተናው ላይ ባይመጣም ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ፓርቲያቸውን የሚጠቅም የምርጫ ወረዳ ካርታ ፈርመው አጸደቁ፤ አንዱ ወረዳ ተጠማዝዞ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ ስለመሰለ የቦስተን ጋዜጣ ሁለቱን ስም አዳቅሎ አፌዘበት፤ ቃሉ ቀረ። እኔ ለተማሪዎቼ እንዲህ አሳያለሁ። 60 ፍሬ ሽምብራና 40 ፍሬ ባቄላ ይቁጠሩ፤ አምስት ሳህን ያቅርቡ፤ በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ይግባ። በሦስቱ ሳህን 11 ባቄላና 9 ሽምብራ ያድርጉ፤ የቀሩትን 7 ባቄላና 33 ሽምብራ በሁለቱ ይክተቱ። ባቄላው ከመቶ 40 ብቻ ሆኖ ሳለ ከአምስት ሳህን ሦስቱን አሸነፈ። አንድም ፍሬ አልተሰረቀም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019፣ ለፓርቲ ጥቅም ብቻ ተብሎ የተሠመረን ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት አይችሉም ብሎ አምስት ለአራት ወስኗል፤ ለእኔ ይህ ውሳኔ ቅር የሚያሰኝ ነው፤ ዳኛው የሚያየውን ነገር አላየሁም ብሏልና።

ገና ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

መምህር፣ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አልስማማም። ፍርድ ቤቱ አላየሁም አላለም፤ የሚለካበት መስፈሪያ የለኝም ነው ያለው። ግዛቶች በራሳቸው ሕገ መንግሥትና ፍርድ ቤት ሊከለክሉት እንደሚችሉም ጽፏል። በዘር የተሠመረ ካርታ ደግሞ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው።

የሒሳብ መምህሩ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

እርማትዎን ተቀብያለሁ፤ ቅሬታዬ ግን ባለበት ነው። አምስት ሳህን ያለው ሰው መስፈሪያ የለኝም ማለቱ አይዋጥልኝም።

ቀጥ በል
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እሺ፣ ተሸነፍኩ። «ፊሊበስተር»ስ ምንድን ነው? ዜናው ላይ ሁልጊዜ 60 ድምፅ ይላሉ፤ ከ100 ውስጥ 51 አይበቃም እንዴ?

ባለ ትርጁማን
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ፊሊበስተር ማለት ክርክሩን እያራዘሙ ረቂቁን ማሰናከል ነው። ሕጉን ለማጽደቅ 51 ይበቃል፤ ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ ግን 60 ያስፈልጋል። ሴኔቱ ተናጋሪን የማስቆም ልማድ አልነበረውም፤ በ1917 በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ክርክር መዝጋት ይቻል ብሎ ደነገገ፤ በ1975 ወደ 60 ዝቅ አደረገው። በ1957 ስትሮም ተርመንድ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረውን ረቂቅ ለማሰናከል 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ቆመው ተናግረዋል፤ ረቂቁ ግን ጸደቀ። ዛሬ መቆምም አያስፈልግም፤ 41 ሰው «ክርክሩ ይዘጋ» በሚለው ላይ ካልተስማማ ነገሩ ባለበት ይቆማል። ለዳኞች ሹመት ይህ ቀርቷል፤ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የቀረው በ2017 ነው። አንዳንድ የበጀት ረቂቆችም በልዩ መንገድ በ51 ያልፋሉ። ይህ ሁሉ የሴኔቱ የውስጥ ደንብ እንጂ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡45

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ምሽት ሙሉ የጻፋችሁትን አነበብኩላት። «እንደራሴ»ን ስሰነጥቅላት «እንዴ፣ ለካ ስንለው የኖርነው ይህንን ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲህ አልረሳችውም። «ቦርሳውን የያዘው» የሚለውንም ይዛዋለች፤ ባለ ታክሲው ወንድማችን ይመረቅ ብላለች። «ሕግ መወሰኛ» እና «ሴኔት»ን ሁለቱንም እያፈራረቅሁ እጠይቃታለሁ፤ አሁን አትደናገርም። ማርበሪ ደብዳቤውን አገኘ ወይስ አላገኘም ብላ አስጨንቃኝ ነበር፤ አላገኘም አልኳት፤ አዘነችለት።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመምህሩን ሽምብራና ባቄላ ከጓዳ አምጥቼ አምስት የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ እንደተባለው ደረደርኩላት። ዝም ብላ ስታየው ቆየች፤ ከዚያ ሁሉንም መልሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና ራሷ መቁጠር ጀመረች። በእያንዳንዱ ሳህን 12 ሽምብራና 8 ባቄላ አደረገች፤ ሽምብራው አምስቱንም ሳህን ወሰደ። ሳህኖቹን አንድ በአንድ እየነካች «ታዲያ አርባው ባቄላ እንደራሴው ማን ነው?» አለችኝ።